አጭሩ ሊንክ ወዴት ይወስዳል?

የዲቪ ምዝገባ ሲደርስ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ለታመመ ወገን እርዳታ ሲሰበሰብ በቴሌግራም ቡድኖቻችን አጫጭር ሊንኮች ይዘዋወራሉ። የቢትሊ ወይም የቲኒዩአርኤል ስም፣ እዝባር፣ ከእዝባሩ በኋላ የተዘበራረቁ ጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች፤ ሌላ የሚነበብ ነገር የለም። ብዙዎቻችን ከጀርባው የማን ገጽ እንዳለ ሳናውቅ እንጫናለን።

አድራሻ የማሳጠር አገልግሎት ሲፈጠር ለክፉ አልነበረም። ቲኒዩአርኤል በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ረጃጅም አድራሻዎች ለመላክ እንዲመቹ ለማሳጠር ነው። ትዊተር በአንድ መልእክት ከ140 ሆሄ በላይ አልቀበል ሲል ደግሞ ፈላጊው በረከተ፤ ቢትሊም በ2008 መጣ። አሠራሩ የመዝገብ ሥራ ነው። የአሳጣሪው ሰርቨር አጭሩን ኮድና ረጅሙን አድራሻ ጎን ለጎን መዝግቦ ያስቀምጣል። ሊንኩን ስትጫኑ ብራውዘራችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚህ ሰርቨር ነው፤ ሰርቨሩም 301 ወይም 302 ከሚል ቁጥር ጋር ረጅሙን አድራሻ ይመልስለታል። ብራውዘሩ እናንተን ሳይጠይቅ ወደዚያው ያልፋል።

ሊንኩን በጣት ተጭኖ በመያዝ አድራሻውን ያየ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለተራ ሊንክ ጥሩ ዘዴ ነው። ለአጭር ሊንክ ግን አይሠራም፤ ስልኩ የሚያሳየው ያንኑ አጭሩን ነው፤ ረጅሙ ያለው ሰርቨሩ ዘንድ ነውና።

ደግነቱ አሳጣሪዎቹ ራሳቸው መመልከቻ አበጅተዋል። ሊንኩ የቢትሊ ከሆነ ሳትከፍቱ ኮፒ አድርጉት፤ ብራውዘሩ ላይ ለጥፋችሁ መጨረሻው ላይ የመደመር ምልክት (+) ጨምሩ። ወደ ገጹ ሳይወስዳችሁ ረጅሙን አድራሻ ያሳያችኋል። ኢዝ ዶት ጂዲ ለተባለው አሳጣሪ ምልክቱ ሰረዝ (-) ነው። በቲኒዩአርኤል ደግሞ ከስሙ በፊት «ፕሪቪው» የሚለውን ቃልና አንድ ነጥብ ታስቀድማላችሁ። አሳጣሪው ሌላ ከሆነ ሊንኩን ቫይረስቶታል በተባለው ድረ ገጽ ማስመርመር ይቻላል። የግል ሰነድ ወይም የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ግን እዚያ አትለጥፉ፤ የተለጠፈውን ሌሎችም ሊያዩት ይችላሉ።

አድራሻው ከታየ በኋላ ቁም ነገሩ አነባበቡ ነው። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት እዝባሮች እለፉና ቀጥሎ የሚመጣውን እዝባር ፈልጉ፤ ከዚያ ወደ ግራ አንብቡ። ባለቤቱን የሚነግራችሁ ለዚያ እዝባር የቀረበው ክፍል ነው። የዲቪ ቅጽ የሚሞላበት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገጽ «ዲቪፕሮግራም ዶት ስቴት ዶት ገቭ» ይባላል። መጨረሻው «ገቭ» ነው፤ ይህንንም ቅጥያ የሚያገኙት በአሜሪካ ያሉ የመንግሥት አካላት ብቻ ናቸው። አጭበርባሪ «ስቴት ዶት ገቭ»ን ከፊት አስቀምጦ «ዶት ምዝገባ ዶት ኮም» ብሎ ቢቀጥልበትስ? የገጹ ባለቤት «ምዝገባ ዶት ኮም» የሚለውን ስም ያስመዘገበው ሰው ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የለበትም። ዓይናችን ከግራ ስለሚጀምር የምናውቀውን ስም አይቶ ያምናል፤ ፓስፖርት ቁጥርና ፎቶ ተሞልቶ የሚሰጠውም ያኔ ነው።

አንዳንዴ ከአጭሩ ሊንክ ጀርባ ሌላ አጭር ሊንክ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን መተዉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቀና መልእክት ሁለት ጊዜ የሚሸፈንበት ምክንያት አይታየኝም።

የቡድን አስተዳዳሪዎች፣ የዕድርና የማኅበር ጸሐፊዎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቴሌግራም በአንድ መልእክት እስከ 4096 ሆሄ ይቀበላል፤ አድራሻ ለማሳጠር የሚያስገድድ ነገር የለም። ለሰው ስትልኩ ሙሉውን አድራሻ ላኩ፤ ተቀባዩ ወዴት እንደሚሄድ አንብቦ ይጫን።