ልፈርድ ተጠራሁ

ከፍርድ ቤት የተላከ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ሲያገኝ የማይደነግጥ ሐበሻ ካለ አገር ቤት ያልኖረ መሆን አለበት። እኔ ኖሬያለሁና ደነገጥኩ። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ያልከፈልኩትን የፓርኪንግ ቅጣት ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። ስከፍተው ግን የተጠራሁት ልከሰስ ሳይሆን ልፈርድ ኖሯል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት የመጣ የጁሪ መጥሪያ ነው።

ታክሲ የሚነዳ አንድ የጎረቤቴ ልጅ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ አልችልም ይበሉና ይገላገሉ!» አለኝ። በዜግነት ፈተናው ላይ ግን የዜጋ ብቻ ግዴታ ምንድን ነው ተብዬ «ጁሪ ሆኖ ማገልገል» ያልኩት እኔው ነኝ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ፓስፖርቱን ስቀበል የቻልኩትን ቋንቋ መጥሪያው ሲመጣ እንዴት ልርሳው?

በልጁ አልፈርድም። የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጁሪ በቀን የሚከፍለው 50 ዶላር ነው። ተቀጣሪ ለጁሪ ሄደ ተብሎ እንዳይባረር ሕግ ይከለክላል፤ ራሱን ቀጥሮ የሚያድረው ባለታክሲ ግን ጉዳዩ ሁለት ሳምንት ከፈጀ የመኪናውን ዕዳ ማን ይከፍልለታል? ይህ አገር ስለ ጁሪ ሲኩራራ ይህችን ጥያቄ ይዘላታል።

ግሪን ካርድ ላይ ላላችሁ ወገኖች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ስም የሚወጣው በዕጣ ነው፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ከመራጮች መዝገብ ሌላ ከመንጃ ፈቃድ ዝርዝርም ስለሚወሰድ ዜጋ ላልሆነም መጥሪያው ይደርሳል። «በስህተት ነው» ብላችሁ አትጣሉት። ዜጋ አይደለሁም የሚለው ላይ ምልክት አድርጋችሁ መልሱ። ዜጋ ነኝ ብሎ ፈርሞ መቀመጥ ግን የኋላ ኋላ የኢሚግሬሽን መዘዝ አለው።

እኛ ዘንድ ጁሪ የሚባል ነገር የለም፤ ለፍርድ መጠራት ግን እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ሲጣሉ ከመንገድ ዳር መንገደኛ አስቁመው «ፍረደን» ይሉ ነበር። ሌባ ሲጠፋም አገሬው ለአፈርሳታ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። የኋላ ኋላ ዳኝነቱ ሁሉ ከመንግሥት ወንበር ጋር ተጣበቀና ሕዝቡ ተመልካች ሆኖ ቀረ።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ጡረተኛው፣ ነርሷ፣ ከነቱታው የመጣው ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሁሉም ቁጥር ይዞ ተደርድሯል። ወደ ችሎቱ ስንገባ ተከሳሹ ተነስቶ ቆመ። ሃያዎቹን ያላለፈ ልጅ ነው፤ ሸሚዙ የተውሶ ይመስላል። እሱን ለመዳኘት 12 ሰውና ተጠባባቂዎች ከመካከላችን ይመረጣሉ። በእንዲህ ያለው ከባድ ወንጀል ዐቃቤ ሕጉ 6፣ የተከሳሹ ወገን 10 ሰው ያለ ምክንያት መሰረዝ ይችላሉ።

ዳኛዋ ከፊት የተቀመጠውን ሰው፣ «አሁኑኑ ፍረድ ብትባል ምን ትላለህ?» አሉት። «ማስረጃ ሳልሰማ እንዴት አውቃለሁ?» አለ። ሁላችንም በልባችን ልክ ነህ አልነው። «አይደለም» አሉ ዳኛዋ፤ «አሁን ካልክ መልሱ ጥፋተኛ አይደለም ነው። ማስረዳት ያለበት ከሳሹ ነው።»

ይህን ጊዜ አንድ ሌሊት ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርኩበት ዘመን ነው። በዝርፊያ የተያዙ ሦስት ወጣቶች ፎቶ ለፊት ገጽ መጣ። ሪፖርተሩ «ተጠርጣሪዎች» ብሎ ጽፏል። እኔ ሰርዤ «ወንጀለኞቹ ተያዙ» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። ርዕሱ አጠረልኝ፤ አለቆቼንም ደስ እንደሚላቸው አውቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከወራት በኋላ አንደኛው ልጅ በነጻ ተለቀቀ ሲባል ሰማሁ። አንዲት መስመር አላወጣንም። በኋላ በእኔና በባልደረቦቼ ላይ ያው ቃል ሲጻፍ ግን ዓለም ስሚኝ ብዬ ጮኼያለሁ።

ዳኛዋ «በጋዜጠኝነት የሠራ አለ?» ሲሉ እጄን አነሳሁ። ጠበቆቹ ባሉበት ቀረብ ብዬ፣ «ያልተፈረደበትን ሰው ወንጀለኛ ብዬ አሳትሜ አውቃለሁ» አልኩ። «ዛሬስ ያለ አድልዎ መስማት ይችላሉ?» አሉኝ። «ይመስለኛል» አልኩ። እዚያ አገር «ይመስለኛል» የሚበቃ መልስ አይደለም መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ የተመረጡት ስም ሲጠራ የእኔ የለበትም። የሰረዘኝ ከሳሹ ይሁን ተከሳሹ የነገረኝ የለም።

ማታ ባለታክሲው ደወለ። «ተገላገሉ፣ ጋሼ?»

«ተገላገልኩ» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ የዚያን በነጻ የተለቀቀ ልጅ ስም ለማስታወስ ብዙ ታገልኩ። ፎቶው ላይ ከግራ ሁለተኛው ነበር። ስሙ ግን እስካሁን አልመጣልኝም።