«ተመዝግበዋል» ማለት «ይከፈልዎታል» ማለት አይደለም

በሴፍቲኔት ጉዳይ የቀበሌ ደጅ የጠና ሰው ከአራት መልሶች አንዱን ሳይሰማ አይመለስም፡፡ «ተመዝግበዋል»፣ «ኮታ ሞልቷል»፣ «ክፍያ አልደረሰም»፣ «ተመርቀዋል»፡፡ አራቱም ከአንድ ጠረጴዛ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰው አፍ ይወጣሉ፡፡ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው፡፡ አንዱን ከሌላው ያምታታ አመልካች የት አቤት እንደሚል አያውቅም፤ ጊዜውም ያልፍበታል፡፡ ይህ አመልካች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአንዲት ቃል ሲል የጃናሞራን ወይም የበየዳን ገደላገደል ግማሽ ቀን የሚወርድና የሚወጣ ነው፡፡

የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ በየዓመቱ የሚደረገውን የአስቸኳይ ዕርዳታ ጥሪ አስቀድሞ በሚታወቅ ድጋፍ መተካት ነበር፡፡ ጉልበት ያለው በወር አምስት ቀን እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይከፈለዋል፡፡ በእህል ሲታሰብ የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ ነው፡፡ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕመም ያደከማቸው ሳይሠሩ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ፡፡ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራው ነፃ ሆና ትደገፋለች፡፡

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ፡፡ ምርጫው የሚጀምረው ከጎረቤት ነው፡፡ በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የገጠመው ቤተሰብ ማን እንደሆነ ከመንደሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለምና፡፡ በመንደር የተዘጋጀው ዝርዝር በቀበሌው ግብረ ኃይል ይጠቃለላል፤ በሕዝብ ስብሰባ ይነበባል፤ ከዚያ በወረዳ ይጸድቃል፡፡ ስለዚህ «ተመዝግበዋል» የሚለው መልስ ከብዙ በሮች የመጀመሪያው ተከፈተ ማለት ብቻ ነው፡፡ ልብ በሉ፣ ሌላም መዝገብ አለ፡፡ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ሲመታ የአስቸኳይ ዕርዳታ ተረጂዎች ተመዝግበው ነበር፡፡ የዚያ መዝገብ ስም ለሴፍቲኔት አያበቃም፡፡ «ስሜ አለ» የሚል ሰው የትኛው መዝገብ ላይ ብሎ ይጠይቅ፡፡

«ኮታ ሞልቷል» ከሁሉም የሚያናድደው መልስ ነው፡፡ ሆኖም ሐሰት ላይሆን ይችላል፡፡ ወረዳው የሚይዘው ሰው ቁጥር ከላይ ተወስኖ ይመጣል፤ ወረዳውም ለቀበሌ ያከፋፍላል፡፡ እዚህ ላይ «ድሃ አይደሉም» አልተባሉም፡፡ ስለዚህ ድህነትዎን እንደገና ለማስረዳት አይድከሙ፡፡ ክርክሩ መሆን ያለበት «ከእኔ የተሻለ ኑሮ ያለው እገሌ እንዴት ገባ?» የሚል ነው፡፡ ለዚህ ደግሞ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል፡፡ በመመሪያው መሠረት ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል፤ የተለጠፈበትን ቦታ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፡፡ ይህን አቤቱታ የሚሰማው የቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፡፡ መራጩ ግብረ ኃይል ራሱ ይግባኝ እንዳይሰማ ታስቦ የተለየ ነው፡፡ በተግባር ግን በትንሽ ቀበሌ ውስጥ መራጩም ሰሚውም አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፣ አንድ ዕድር የሚጠጡ ናቸው፡፡ ከሕግ ይልቅ ይሉኝታ የሚፈርደው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

«ክፍያ አልደረሰም» ከተባሉ ምርጫው አልቋል፤ ከአቤቱታ ሰሚው ዘንድ አይንከራተቱ፡፡ የሥራ ቀንዎ በመቆጣጠሪያው ላይ መሞላቱን፣ ስምዎ በካርዱና በክፍያ ዝርዝሩ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ያረጋግጡ፡፡ ቀሪው የወረዳ ጉዳይ ነው፡፡ የጃናሞራ ሰው መልሱን የሚያገኘው መካነ ብርሃን ነው፡፡ ጎንደር ድረስ የሚመጡ አሉ፡፡ ነባሩ ሰሜን ጎንደር ዞን ከተከፈለ ወዲህ የሰሜን ጎንደር መቀመጫ ደባርቅ በመሆኑ ጎንደር ላይ የሚጠብቃቸው ፋይል የለም፡፡

«ተመርቀዋል» ደስ የሚል ቃል ነው፡፡ ትርጉሙ ግን ከፕሮግራሙ ወጥተዋል ነው፡፡ ምረቃ የሚገባው ያለ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ ራሱን መመገብ ለቻለና መጠነኛ ችግር ቢመጣ ለሚቋቋም ቤተሰብ ነው፡፡ በደህና ዓመት የተቆጠሩ ሁለት በጎች ይህን አያሳዩም፡፡ ሳይበቃው የተመረቀ ሰውም ልክ እንዳልተመረጠ ሰው ለአቤቱታ ሰሚው ማመልከት ይችላል፡፡

በከተማ መንገዱ ትንሽ ይለያል፡፡ የከተሞቹ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ነበረች፡፡ ጎንደር የደረሳት በኋላ፣ ፕሮግራሙ ሲሰፋ ነው፡፡ በከተማው ምርጫ የኮሚቴው አስተያየት ብቻውን አይበቃም፡፡ ቤቱ፣ ዕቃው፣ የቤተሰቡ ብዛት ተመዝግቦ በቀመር ነጥብ ይሰጠዋል፡፡ ስለዚህ ጎንደር ውስጥ «አላለፉም» የተባለ ሰው ምን ተብሎ እንደተሞላበት ይጠይቅ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተበላሸ ማቀዝቀዣም ንብረት ተብሎ ሊቆጠር ይችላልና፡፡ በመጀመሪያው ምዕራፍ ደግሞ የሥራ ቀኑ በአንደኛው ዓመት 60፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 እንዲሆን የተቀየሰ ነበር፡፡ የክፍያ መቀነስ ሁልጊዜ ቅጣት ወይም ሌብነት አይደለም፡፡

በደቡብ አፍሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. በ350 ራንድ የተጀመረውን ድጎማ የጠየቀ ሰው የማመልከቻውን ሁኔታ በስልኩ ያያል፡፡ ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱ ተጽፎለታል፤ ይግባኙም ወደ ሌላ አካል ይሄዳል፡፡ በዚያም ቅሬታ ሞልቷል፡፡ ቢሆንም የተጻፈ ምክንያት በእጅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፡፡ እኛ ዘንድ መልሱ የቃል ነው፡፡ ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት ይሁን የሚለው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስፈጻሚዎችን እንጂ የክልል ቀበሌን አይገዛም፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ሲጥል አቅም በፈቀደ መጠን እንዲሆን ገደብ አስቀምጧል፡፡ የአቅም ማነስ ድጋፉን ሊያሳንስ ይችላል፤ ምክንያት የመስጠትን ግዴታ እንዴት እንደሚያስቀር ግን ለእኔ አይገባኝም፡፡ አንድ ወረቀትና አንድ ማኅተም ነውና፡፡

እስከዚያው አቤቱታዎን በሁለት ቅጂ ያጽፉ፤ አንዱ ላይ የገባበትን ቀን አስፈርመው ይያዙ፡፡ ቀበሌው ካልመለሰ ወደ ቀበሌው ምክር ቤት፣ ከዚያ ወደ ወረዳው ይሂዱ፡፡ በወረዳም ካልተፈታ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታን በቃልም ቢሆን በነፃ ይቀበላል፡፡ የክልሉ ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ነው፤ ከመካነ ብርሃን ለሚነሳ ሰው ከደባርቅም ከጎንደርም ወዲያ፡፡