በሙቀት የሚረጋ፥ በቅዝቃዜ የሚሟሟ የኢንዛይም ተሸካሚ



በዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ አዲስ የኬሚስትሪ ጥበብ ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን። ጥበቡ እንግዳ ቢመስልም መነሻው ከቤታችን የራቀ አይደለም።

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ፥ እንዲሁም በሂርናና በበዴሳ አካባቢ ማሽላ ዋና እህል መሆኑ የታወቀ ነው። ጠላ የምትጠምቅ ባለሞያ፥ ገብስም ሆነ ማሽላ፥ ዘሩን ነክራ ታበቅለዋለች፤ ከዚያም አድርቃ ትፈጨዋለች። በዚህ ብቅል ውስጥ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ረቂቅ ሠራተኛ አለ፤ ይኸውም ኢንዛይም የሚባለው ነው። ፓየንና ፐርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ይህንኑ ከብቅል ለይተው ያወጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1833 ነው። ዛሬ ኢንዛይም በስኳር ሽሮፕ፥ በቆዳና በልብስ ሳሙና ፋብሪካዎች ሁሉ ያገለግላል።

ኢንዛይም ሥራውን ሲፈጽም እርሱ ራሱ አያልቅም። ነገር ግን ከፈሳሹ ጋር ስለሚቀላቀል መልሶ መሰብሰቡ አስቸጋሪ ነው። በብዙ ገንዘብ የተገዛ ሠራተኛ ለአንድ ቀን ብቻ ሠርቶ ይሰናበታል ማለት ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ኢንዛይምን ከጠጣር ነገር ጋር የማሰር ዘዴ ፈለጉ። በ1916 ኔልሰንና ግሪፊን ኢንዛይም በከሰል ላይ ተጣብቆ ሥራውን እንደማይተው አሳዩ፤ በ1969 ደግሞ ታናቤ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የታሰረ ኢንዛይምን በፋብሪካ ሥራ ላይ አዋለ። ሆኖም ጠጣሩ ነገር አንድ ጉድለት አለው፤ እንደ ስታርች ያለው ግዙፍ ሞለኪውል በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ገብቶ ኢንዛይሙን ለማግኘት ይቸገራል።

ታዲያ ሲፈለግ የሚሟሟ፥ ሲፈለግ የሚረጋ ተሸካሚ ቢገኝስ? እንዲህ ያለው ነገር ተገኝቷል። ስሙ ረጅም ነው፤ ፖሊ ኤን-አይሶፕሮፒል አክሪላማይድ ይባላል። በ1968 ሄስኪንስና ጊሌ ጠባዩን መርምረው ጽፈዋል። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፥ ሲበርድ ይረጋል፤ ይህ ፖሊመር ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ውሃው ሰንሰለቱን ከቦ ስለሚይዘው ይሟሟል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ውሃው ይለቀዋል፤ ሰንሰለቱም ተኮማትሮ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የእንቁላል ነጭ አንድ ጊዜ በሙቀት ከረጋ አይመለስም፤ ይህ ግን ሲበርድ እንደገና ይሟሟል።

እንግዲህ ኢንዛይሙ ከዚህ ሰንሰለት ጋር ከታሰረ በኋላ፥ በቀዝቃዛው ፈሳሽ ውስጥ እንደ ልቡ እየተዘዋወረ ስታርቹን ይለውጣል። ሥራው ሲያበቃ ፈሳሹ ጥቂት ይሞቃል፤ ፖሊመሩ ኢንዛይሙን ይዞ ይረጋል፤ ተጣርቶም ለሚቀጥለው ሥራ በቀዝቃዛ ውሃ ይሟሟል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከጭሮ ደጋማ አየር ወደ ሚኤሶ ቆላ የወረደ መንገደኛ የሙቀቱን ልዩነት በሰውነቱ ያውቀዋል። በጭሮ ሟሙቶ የተቀመጠው ፈሳሽ በሚኤሶ የቀትር ሙቀት፥ ሥራው ሳያልቅ፥ በራሱ ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ወሰኑን እንደ ቦታው ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ጨው ሲጨመር ወሰኑ ዝቅ ይላል፥ ውሃ ወዳድ ቅመም በሰንሰለቱ ውስጥ ሲገባ ከፍ ይላል። ኢንዛይሙ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ ፈጥኖ እንዲሠራ የሚፈልግም ሰው ወሰኑን ከፍ ማድረግ አለበት።

ሂሳቡንም መርሳት አይገባም። በእያንዳንዱ ዙር ከኢንዛይሙ ጉልበት ከመቶ 90 እጅ ብቻ ይተርፋል ብንል፥ ከ7 ዙር በኋላ ግማሽ ያህሉ፥ ከ10 ዙር በኋላ ከመቶ 35 እጅ ብቻ ይቀራል። ፖሊመሩም ራሱ ገንዘብ ያስወጣል። ለምግብ ሥራ ሲሆን ደግሞ ያልተያያዘው መነሻ ቅመም ጎጂ ስለሆነ ጠርጎ ማውጣት ግዴታ ነው። እንግዲህ የሚጠቅመው ውድ ለሆነ ኢንዛይም እንጂ ለማንኛውም ሥራ አይደለም።

ግዢ የሚፈርም ባለሥልጣንም ሆነ ሂሳብ የሚይዝ ሠራተኛ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ የዕቃ ዋጋ የሚለካው በተገዛበት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ባገለገለበትም ጭምር ነው።