ከበረት እስከ ወደብ፤ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳትና የከብት ንግድ

የሰው ልጅ እንስሳትን ካላመደበት ዘመን አንሥቶ በወተታቸውና በሥጋቸው፥ በቆዳቸውና በጉልበታቸው ሲጠቀም ኖሯል። ከጥቅሙ ጋራ በሽታቸውንም ሲቀበል መኖሩን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የእብድ ውሻ በሽታና አባ ሠንጋ ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉት መካከል ናቸው። በቀይ ባሕር ዳርቻ ላሉ አገሮች፥ ይልቁንም የቁም ከብት ወደ ዐረብ አገር ለሚልከው ነጋዴና ንግዱን ለሚቈጣጠረው ሹም፥ እጅግ ሊያሳስበው የሚገባው ግን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በሽታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በሽታው ተመርምሮ የታወቀው በ1931 በኬንያ፥ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ በነበረ የበጎች እርባታ ነው። በዚያ ስፍራ ግልገሎች በብዛት ሲሞቱና እርጉዞች በጎች ሲጨነግፉ ታየ። መንሥኤው ቫይረስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ሲሆን፥ ከከብት ወደ ከብት የምታደርሰው ትንኝ ናት። አንዳንድ የትንኝ ወገኖች ይህን ቫይረስ ለዕንቍላላቸው ያወርሱታል፤ ዕንቍላሉም በደረቅ መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ ይቈያል። ከዚህ በኋላ ከባድ ዝናም ዘንሞ ሜዳው ውሃ ሲተኛበት፥ ዕንቍላሉ ይፈለፈላል፤ በሽታውም አብሮ ይነሣል። እንግዲህ እረኛው ሣር አገኘሁ ብሎ ደስ የሚሰኝበት ዝናም፥ መጠኑን ባለፈ ጊዜ የመቅሠፍት መነሻ ይሆናል ማለት ነው።

ሰው በትንኝ ንክሻ መያዙ ባይቀርም፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው የታመመውን ከብት ሲያርድና ሲገፍ፥ የጨነገፈውን ሽል በባዶ እጁ ሲያነሣ፥ ደሙንም ሲነካ ነው። ስለዚህ እረኛው፥ የቄራ ሠራተኛውና የእንስሳት ሐኪሙ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ለአደጋው የቀረቡ ናቸው። ከሚታመሙት ብዙዎቹ ትኩሳትና ቍርጥማት ይዟቸው በጥቂት ቀን ውስጥ ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን ዐይናቸው ወይም አንጐላቸው ይጐዳል። ደም የሚያፈሰው ዐይነት የሚይዛቸው ከመቶ አንድ የማይሞሉ ቢሆኑም፥ ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ግን እስካሁን አልታየም።

በ1977 በሽታው በግብጽ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1997 መጨረሻና በ1998 ከታላቅ ዝናም በኋላ በኬንያ፥ በሶማሊያና በታንዛኒያ ተስፋፋ። በመስከረም 2000 ደግሞ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ተገኘ፤ ከአፍሪቃ ውጭ ሲታይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ መዘገበው፥ በሳዑዲ ዐረቢያ 516 ሰዎች ታመው 87 ሞቱ።

በዚህም ምክንያት የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ከአፍሪቃ ቀንድ የሚመጣውን የቁም ከብት አገደ። በበርበራ ወደብ እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት በሽታው ደጁን ያልረገጠው አርቢ እንኳ ገበያ አጥቶ ተቸገረ።

ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጽ ነው። የታመመ ከብት ደብቆ ወደ መርከብ የሚያስገባ ነጋዴ የአንድ ቀን ትርፍ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፥ የራሱንና የባልንጀሮቹን ገበያ ለዓመታት ይዘጋል። ሹሙም ስለ ጭንገፋ የደረሰለትን ወሬ አቃልሎ ከመዝገብ ቢያስቀረው፥ የሚቀጥለው ወሬ ከሐኪም ቤት ይመጣበታል። ደግሞም አርቢው በሽታን በመናገሩ መንጋው ተወስዶበት ባዶ እጁን የሚቀር ከሆነ፥ ዝምታን ቢመርጥ አያስደንቅም፤ እውነትን ለሚናገር ሰው ካሳ መክፈል ለመንግሥት ከእገዳው ኪሳራ ይልቅ የሚቀል ነው።

መከላከያውም የታወቀ ነው። ለከብት ክትባት አለ፤ ነገር ግን መሰጠት ያለበት በሽታው ሳይነሣ ነው፤ ከተነሣ በኋላ አንዱን መርፌ ከከብት ወደ ከብት ማዘዋወር ራሱ በሽታውን ያዛምታል። ዛሬ የዝናሙንና የባሕሩን ሙቀት ሁኔታ ከሳተላይት በመመልከት አደጋውን አስቀድሞ መገመት ተችሏል፤ በ2006 እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በምሥራቅ አፍሪቃ ሰው መታመሙ ከመታወቁ በፊት ደርሶ ነበር። አራጁም እጁን በጓንት ይሸፍን፤ ወተቱም ተፈልቶ ይጠጣ፤ የታመመውም ከብት አይታረድ።

ወደብ ሸቀጥን ብቻ አያስገባም። በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋራ የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ሰውን ባይዝም፥ የእርሻውን በሬ ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ታላቅ ረኀብ አስከትሏል። ያ በሽታ በብዙ አገሮች ትብብርና በክትባት ኀይል ከምድር መጥፋቱ በ2011 ታውጇል። ስለዚህ ሥራው የሚቻል ነው፤ የሚጠይቀውም ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን ነው።