የማፍጠሪያ ሰዓትና የመንገድ ሐቅ

ዛሬ የማነሳው ከመግሪብ አዛን በፊት ስላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ቁልቁለቱ ኃይለኛ ነው። ማለዳ አትሌቶች ይሮጡበታል፤ ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ይወርዱበታል፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ይወጡበታል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሱበታል። በ2013 ዓ.ም የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የሚወጣውና የሚወርደው መኪና በርክቷል።

ባለፈው ረመዳን፣ አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተምር ማለቁን አይቼ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ላክሁት። «ቶሎ በል፣ ሩጥ!» አልኩት። ሮጠ። ቁልቁል የሚመጣውን መኪና አላየም፤ ሹፌሩም በድንግዝግዙ ልጁን ያየው ዘግይቶ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ መኪናው ልጁ አጠገብ ሲደርስ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ እየተንቀጠቀጠ ወረደ። እሱም እንደኛው ጾመኛ ነበር፤ ቤቱ ደርሶ ለማፍጠር ይጣደፍ ነበር። ያን ማታ ጥፋቱን በእሱ ላይ ብቻ መጣል አልቻልኩም። ሩጥ ያልኩት እኔ ነኝ።

ኢፍጣርን አለማዘግየት ሱና ነው። ብዙዎቻችን ግን ማፍጠርን ከማፍጠን ጋር አደባልቀነዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተምር፣ ተምር ካልተገኘም በውኃ ያፈጥሩ ነበር። መኪናው ውስጥ ጥቂት ተምርና ውኃ የያዘ ሰው ዳር ይዞ ቆሞ ያፈጥራል፤ ሱናውም አይጓደልበትም። ኢቃማ የሰማ ሰው እንኳ ወደ ሶላት በእርጋታ እንዲራመድ እንጂ እንዳይሮጥ አስተምረውናል። ለሶላት ያልተፈቀደ ሩጫ ለሾርባ እንዴት ይፈቀዳል?

ሒሳቡንም እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ30 የሚሄደው 8 ሜትር ገደማ። ሹፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በመካከሉ ያለው 6 ሜትር የልጁ ሕይወት ነው። ቀኑን ሙሉ የጾመና የደከመ ሰው ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። በዓለም በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። በከተማችን በአዲስ አበባ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

በሐዲስ እንደተማርነው ኢማን ብዙ ቅርንጫፎች አሉት፤ ዝቅተኛው ከመንገድ ላይ ሰውን የሚጎዳ ነገር ማስወገድ ነው። ጉዳቱ ድንጋይና እሾህ ብቻ አይደለም። መኪናውን የእግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ ተራዊሕ የሚገባ ወንድም፣ የሳምቡሳ ጠረጴዛውን እዚያው የዘረጋ ነጋዴ፣ አረጋውያንንና ሕፃን ያዘሉ እናቶችን ወደ አስፋልቱ እየገፉ ነው። ሶላት የአላህ ሐቅ ነው፤ መንገዱ የሰው ሁሉ ሐቅ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ የማፍጠሪያውን ዕቃ ከዐስር በፊት ገዝተን እንጨርስ። የጎደለ ነገር ካለ ይጉደል፤ ልጅ አንላክ። ሹፌሮች፣ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን እንውረድ፤ ዜብራ ላይ ለእግረኛ እንቁም። ለተራዊሕና ለሱሑር የምንወጣ ሰዎች የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችንን ይዘን፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየን እንሂድ። ጥቁር ጅልባብ የለበሱ እህቶች በጨለማ ስለማይታዩ የስልካቸውን መብራት ያብሩ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከሰፈሩ እድር ጋር ሆነው ለወረዳው ደብዳቤ ይጻፉ፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራና የደበዘዘው ዜብራ እንዲቀባ ይጠይቁ። ጉብታው የሚጠብቀው የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ ነው።

ዘንድሮ እኛ ቤት ተምሩ ከሻዕባን ጀምሮ ተገዝቶ ተቀምጧል። አዛን ሲል ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ያፈጥራል። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ከቤት የወጣውን ሁሉ በሰላም ይመልስልን። አሚን።