ገበያው የሰማው፣ ችሎቱ ያልሰማው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ካራቆሬ የይፋት ቆላ ሕዝቦች መገናኛ ናት። በገበያዋ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው ይገበያያሉ። ሻጭ ገዥን ስለሚፈልግ፣ ቋንቋ ቢያቅተው በጣቱ ቆጥሮ ይግባባል። በፊውዳሉ ሥርዓት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ባለጉዳዩን እንዲህ አይፈልገውም ነበር፤ ዝም ቢልለት ይመርጥ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ፣ በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። ሙስሊሙ የይፋት አርጎባ በሁለቱም አንቀጾች ከደጅ ቀረ። ቋንቋው የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። ማንም «አትናገር» ብሎ አላወጀበትም፤ አዋጅም አላስፈለገም። አራሹ አቤቱታውን ለማስጻፍ ለማመልከቻ ጸሐፊ ይከፍላል፤ የተጻፈውን ማንበብ ስለማይችል በጣቱ ይፈርማል፤ መዝገቡም «ቃሉን ሰጥቷል» ይላል። የማንን ቃል? ብለን እንጠይቃለን። (ለድሃው «ዝም አይነቅዝም» እያሉ የሚመክሩት አብዛኛውን ጊዜ ዝምታው የሚጠቅማቸው እንደሆኑም ልብ እንላለን።)

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች፣ ከደጋፊ ክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር፣ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» መባል ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንዲባሉ ጠየቁ። የገዛ አገሩ ሕዝብ በመንግሥት አንደበት እንግዳ ተብሎ ይጠራ ነበርና! በ1967 ዓ.ም. ሦስት የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ።

መሬት በአዋጅ ይመለሳል፤ ቋንቋ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነን ያሉት 62,831 ሲሆኑ፣ አርጎባኛን አፍ መፍቻ ያደረጉት 10,860 ብቻ ነበሩ። ንግድና ጉርብትናም ድርሻ ስላላቸው ጥፋቱን ሁሉ በመሥሪያ ቤት ላይ አንጭንም። ሆኖም አባት በችሎት ያልረዳውን ቋንቋ ለልጁ ሳያወርስ ቢቀር አይደንቀንም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው በአንቀጽ 5 ደነገገ፤ በአማራ ክልልም የአርጎባ ልዩ ወረዳ ተቋቋመ። እውቅናው በየስብሰባው ምን ያህል እንደደረሰ ለማየት የቀበሌን ቃለ ጉባኤ መግለጥ ይጠቅማል። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ከሚለው ሐረግ አጠገብ፣ በኋላ ወንበር የተቀመጡት ውይይቱን በየትኛው ቋንቋ እንደተከታተሉና ማን እንደተረጐመላቸው የሚጻፍበት ቦታ አናገኝም።