«ወታደር ነበርኩ» ብል ሪጀክት እሆናለሁ? ለጥገኝነት ቃል ከመስጠታችሁ በፊት

ካምፓላ፣ ካባላጋላ ነው። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። በቅርቡ የመጣ አንድ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «ቲቸር፣ ነገ ኦፒኤም ኢንተርቪው አለኝ። ወታደር ቤት የነበርኩትን ልናገር ወይስ ልተወው?» አለኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ከጎኑ ያሉት ሁለቱ መለሱለት። «እንዳትሞክራት! ወታደር ነበርኩ ካልክ አለቀልህ።»

ይቺን ምክር እኔም ከመናኸሪያ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። ሰምቼም ሠርቼባታለሁ። ያስከፈለችኝን ልንገራችሁና ከዚያ ወደ ሕጉ እንሄዳለን።

እኔ ናኪቫሌ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ ካምፓላ እመጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም የወረዳችን ወጣት ሲጠራ አብሬ ሄድኩ። የሰለጠንኩት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊሽካ መነሳት፣ ሩጫ፣ ሰልፍ፣ በደረት መሳብ። መጀመሪያ ሰሞን የያዝነው ዱላ ነበር፤ ክላሽ መፍታትና መግጠም የተማርነው በአንድ መሣሪያ ለሃያ ሰው እየተጋፋን ነው። አልዋሽም፣ ደስ ያለኝ ቀንም ነበር፤ አብሮ መብላቱ፣ መዝፈኑ። ከዚያ ሁለት ወር ኬላ ጠብቄ ቤቴ ገባሁ። አንድ ጥይት አልተኮስኩም። ስሜ ግን መዝገብ ላይ ቀረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ያ መዝገብ ጠላቴ ሆነ። አንዱ «ሰልጥነሃል፣ ና ታጠቅ» ይላል፤ ሌላው «ሰልጥነሃል፣ መሣሪያህ የት አለ?» ይላል። የተሰደድኩት በዚህ ነው።

እዚህ መጥቼ ቃል ስሰጥ ግን «ተማሪ ነበርኩ» ብቻ አልኩ። ጠያቂዋ ጽፋ ጨረሰችና «ተማሪ ብቻ ከነበርክ አንተን ለምን ፈለጉህ?» አለችኝ። ምን ልበላት? መልሱ እኔው የደበቅኩት ነገር ነበር። ብዙዎቻችን የማናየው ይሄን ነው፤ ውትድርናውን ከታሪካችን ስናወጣው የፍርሃታችንን ምክንያት አብረን እናወጣዋለን። የሚቀረው እንዲሁ አገሩን ትቶ የመጣ ሰው ነው።

አሁን ሕጉ። ኡጋንዳ የምትሠራው በ1951ዱ (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 አዲስ አበባ ላይ ባጸደቀው ስምምነትና በራሷ የ2006 የስደተኞች ሕግ ነው። ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ «ወታደር የነበረ ሰው ስደተኛ አይሆንም» የሚል ነገር የለም። የሚከለከለው የጦር ወንጀል፣ በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል፣ ወደዚህ ከመግባቱ በፊት ፖለቲካዊ ያልሆነ ከባድ ወንጀል ፈጽሟል ተብሎ የሚታመንና እነዚህን የመሰለ ሰው ነው። እሱም ቢሆን የሚታየው በየግሉ ነው፤ አንተ ምን አደረግክ፣ ምን አዘዝክ፣ ምን እያወቅክ ተባበርክ ተብሎ። የለበስከው ልብስ ወይም ማዕረግህ ብቻውን አያስጠይቅህም። ስለዚህ «ሰው ገድለሃል? እስረኛ ጠብቀሃል? አዛዥህ ማን ነበር?» ብለው ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ መጠየቅ ሥራቸው ነው።

ሌላ ነገር አለ። ጥገኝነት የሲቪል ነው። ዛሬም ታጣቂ የሆነ፣ እዚህ ተቀምጦ ለዚያ ሰው የሚመለምል ወይም ነገ ተመልሼ እዋጋለሁ የሚል ሰው ጥገኛ ሊባል አይችልም። የቀድሞ ተዋጊ ትግሉን ከልቡና ለዘለቄታው መተዉ መረጋገጥ አለበት። ስልካችሁ ላይ መሣሪያ ይዛችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ «የማን ነው፣ መቼ ነው» ለሚለው እውነተኛ መልስ ይኑራችሁ።

ከሠራዊት መጥፋት ብቻውን ስደተኛ ያደርጋል? አያደርግም። አገር በሕግ ዜጋውን ለውትድርና መጥራት ይችላል፤ አልፈልግም ብሎ የሄደ ሁሉ ተሳዳጅ አይባልም። ሚዛኑን የሚለውጠው ዙሪያው ነው፦ በብሔርህ ወይም በእምነትህ የተለየ ቅጣት የሚጠብቅህ ከሆነ፣ ሲቪል ላይ ተኩስ ተብለህ እምቢ ያልክ ከሆነ፣ ሕሊናህ መሣሪያ የማያስይዝህ ከሆነና ሌላ አማራጭ ካልተሰጠህ፣ ወይም አገልግሎቱ መጨረሻ ከሌለው። የኤርትራ ወንድሞቻችን ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) አዋጃቸው የሚለው 18 ወር ነው፣ ስድስቱ ሥልጠና፣ አሥራ ሁለቱ አገልግሎት። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ሳዋ ገብቶ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ሰው ሞልቷል።

የእኛ አገር ደግሞ ይለያል። ደርግ በ1975 ዓ.ም ያወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር፤ ጎረምሳው ጣሪያ ላይ የተደበቀበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ብሔራዊ ውትድርና የለም፤ ምልመላ በፈቃድ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ታፍሳችሁ ከነበረ የሸሻችሁት ሕጋዊ ግዴታን ሳይሆን ሕግ የሌለውን ነገር ነው። በ2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ በኦሮሚያ ታዳጊዎች ጭምር ያለፈቃዳቸው ለውትድርና መያዛቸውን ገልጿል። ይሄን ለይቶ መናገር ይጠቅማል።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚወድቀው በሕጉ ሳይሆን በቋንቋው ነው። በደርግ ጊዜ የተወሰዱ፣ ረጅም ዘመን ኬንያ ኖረው የመጡ አንድ ጋሼ ጎረቤት አሉኝ። ምግብ አብሳይ ነበሩ። «ሦስተኛ ሻለቃ ነበርኩ» አሉ። አስተርጓሚው አማርኛን ከከተማ የለመደ ልጅ ነው፤ ሻለቃ ማዕረግ ብቻ መሰለውና ሰውዬውን መኮንን አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ ሁሉ «በሥርህ ስንት ወታደር ነበረ? ምን ትእዛዝ ሰጠህ?» ሆነ። ጋሼ ደግሞ «ኧረ እኔ ወጥ ነው የምሠራው» ሲሉ የዋሹ መሰሉ። ሻምበልም እንደዚያው ነው፤ ማዕረግም ነው፣ የጦር ክፍልም ነው። «የምሠራው ሦስተኛ ሻለቃ በሚባል የጦር ክፍል ውስጥ ነው፣ ማዕረጌ ተራ ወታደር ነው» ብሎ መዘርዘር ነው የሚሻለው።

«ጠፋሁ» የምንላትም ጉድ ናት። «ከካምፕ ጠፋሁ» ስትሉ አንዳንዱ መንገድ ጠፋብኝ ብሎ ይተረጉማታል። ካምፕ ራሱ የትኛው ነው? የጦር ሠፈሩ ወይስ የስደተኛው?

ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ በራሴ አየሁት። በሁለተኛው ኢንተርቪው እውነቱን ስናገር «በ2014 ሰለጠንኩ» አልኩ። የልደቴ ዘመን ፎርሙ ላይ በፈረንጅ 2000 ተብሎ ተሞልቷል። ስለዚህ በ14 ዓመቴ ክላሽ የተሸከምኩ ልጅ ሆኜ አረፍኩት። ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ጨምሩ። ወይም በየትኛው አቆጣጠር እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ በሉ። ሰዓቱም እንደዚያው፣ የእኛ 11 ሰዓት ሌሊት የእነሱ 5 ሰዓት ነው።

ቀኑን የማታስታውሱ ከሆነ አትፍጠሩ፤ «ከፋሲካ በፊት ነበር፣ ዝናብ አልጀመረም» ማለት ይቻላል። የተደበደበና ብዙ የሞተ ሰው ያየ ሰው ቀን ቢምታታበት አያስገርምም፣ ግን እንደሚምታታባችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። በሠራዊት ውስጥ የተደፈራችሁ እህቶች ሴት ጠያቂና ሴት አስተርጓሚ ይሰጠኝ ማለት ትችላላችሁ። አስተርጓሚው ካልገባችሁ አልገባኝም በሉ፤ ዝም ብሎ መነቅነቅ ነው የሚጎዳን። የምትሰጡት ቃል ደግሞ ምስጢር ነው፤ ለሸሻችሁት መንግሥት አይተላለፍም።

መጀመሪያ ደብቃችሁ ከሆነ እንደ እኔ ተመልሳችሁ አስተካክሉ፤ ለምን እንደደበቃችሁም ንገሯቸው። እኔን «ለምን ፈራህ?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ጻፈችው። ከኮሚቴው ውድቅ የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ ለይግባኝ ቦርዱ ለማመልከት 30 ቀን አላችሁ። ቦርዱ ራሱ ስደተኛ ነህ ብሎ አይወስንም፤ ፋይሉን እንደገና እንዲታይ ወደ ኮሚቴው መመለስ ግን ይችላል። ጋሼ እዚያ ላይ ናቸው። ማመልከቻውን ያለ ክፍያ ያገዟቸው ኦልድ ካምፓላ ያሉት የሪፊዩጂ ሎው ፕሮጀክት ሰዎች ናቸው፤ ከማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጋር የሚሠራ ነው። ለደላላ ብር አትክፈሉ።

ልጁን ያን ቀን ቡናው በረካ እስኪደርስ ይዤው ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው ያፈሱት፤ አራት ወር ሰልጥኖ ነው የወጣው። ደብተር ላይ ሁለት ረድፍ አሰመርን፣ በግራ የእኛ ቀን፣ በቀኝ የፈረንጁ። «ከካምፕ ጠፋሁ» ብሎ የጻፋትን ሰረዝናትና «ከጦር ማሠልጠኛው ያለፈቃድ አምልጬ ወጣሁ» ብለን ጻፍን።